ለሰሌዳ ጨዋታ በልኩ የሚሠራ የእንጨት ሳጥን፦ ከልኬት እስከ ቫርኒሽ

ቦርድ ጌም የሚባሉት የሰሌዳ ጨዋታዎች ይዘውት የሚመጡት ካርቶን ብዙ አይቆይም። ማዕዘኑ ይቀደዳል። ካርዶቹ የፕላስቲክ ሽፋን ሲለብሱ የነበሩበት ክፍል አይበቃቸውም፣ ማስፋፊያ የሚባለው የጨዋታው ተጨማሪ ክፍል ሲጨመር ክዳኑ አልገጥም ይላል፣ ሳጥኑ በጎኑ ከቆመ ደግሞ ቶከን የሚባሉት ትንንሽ የጨዋታ ምልክቶች ሁሉ ይደባለቃሉ። በልክ የተሠራ የእንጨት ሳጥን ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ልኩ ከውስጥ ወደ ውጭ እስከተሠራ ድረስ። የእጅ ሥራው አምሮ፣ መጋጠሚያው ጸድቶ፣ በመጨረሻ ሰሌዳው በ2 ሚሊ ሜትር ምክንያት አልገባም የሚል ሳጥን ብዙ ነው። ስለዚህ እዚህ ከመጋዙ በፊት ስለ ሜትሩ ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሳጥኑ የሚይዘው ታጥፎ 270 በ270 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰሌዳ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የደንብ መጽሐፍ፣ የፕላስቲክ ሽፋን የለበሱ 200 ካርዶች፣ ቁመታቸው እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሚደርስ 24 ትንንሽ ምስሎች፣ ስድስት ዳይስና የተለያዩ የካርቶን ቶከኖች ነው። የእርስዎ ጨዋታ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፤ የስሌቱ መንገድ ግን ያው ነው። ከዚህ በኋላ ልኩ ሁሉ በሚሊ ሜትር ነው፤ ሚሜ እያልን እናሳጥረዋለን።

ዕቃውን መለካት

ከመለካትዎ በፊት ካርዶቹን ሁሉ ሽፋናቸውን ያልብሷቸው። የተለመደው ትልቁ ካርድ 63 በ88 ሚሜ ገደማ ነው፤ ሽፋን ሲለብስ 66 በ91 ይሆናል። ትንሹ ካርድ ብዙውን ጊዜ 44 በ68 ነው። የሚያስቸግረው የክምሩ ውፍረት ነው። 100 ባዶ ካርድ 30 ሚሜ ትንሽ አለፍ ይላል፤ ሽፋን የለበሰ 100 ካርድ ግን እንደ ፕላስቲኩ ውፍረትና በመካከል እንደሚቀረው አየር 45ም 60ም ሊሆን ይችላል። የአንዱን ካርድ ውፍረት በ200 ማባዛት ሁልጊዜ ያሳስታል፣ አየሩ አይቆጠርማ። ካርዶቹን በጠርዛቸው አቁመው በሁለት እንጨቶች መካከል በእጅ ለስለስ አድርገው ይጫኑና የዚያን ርቀት ይለኩ። በምሳሌያችን 110 ሚሜ ወጥቷል። በዚህ ላይ ቢያንስ 20 ሚሜ ለጣት መግቢያ ይጨመራል፤ ያለዚያ ካርዱ ይገባል እንጂ በቀላሉ አይወጣም።

ሰሌዳውን ሲለኩ ታጥፎ በሚቀመጥበት ሁኔታ፣ መታጠፊያው ያበጠበትን ቦታ ይለኩ። ጠርዙ 9 ሚሜ ሆኖ መታጠፊያው ላይ 12 የሚሆን ሰሌዳ ብዙ ነው። ምስሎቹን ደግሞ ከመቆሚያቸው ሳይሆን ጦር፣ ክንፍ ወይም የተዘረጋ እጅ ካላቸው ከዚያ ይለኩ።

ማስፋፊያ የመግዛት ሐሳብ ካለዎት ቦታውን አሁን ይተዉለት። የተጠናቀቀ ሳጥን አይሰፋም።

የውስጥ ልክ

ዕቃው በሦስት ንብርብር ይቀመጣል። ከታች ካርዶችና ምስሎች፣ በላያቸው የቶከን ትሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ሰሌዳውና መጽሐፉ።

የታችኛው ንብርብር ቁመት 72 ሚሜ ነው። ካርዱ በረጅም ጎኑ ተጋድሞ ሲቆም 66፣ ለወለሉ ጨርቅ 1፣ ለመተንፈሻ 5። ትሪዎቹ 32 ሚሜ ቁመት አላቸው። ሰሌዳና መጽሐፍ 15 ሆነው ከነመተንፈሻቸው 18 ይሰጣቸዋል። ድምሩ 122 ሚሜ ነው። ወለሉ 280 በ280 ይሆናል፤ ለ270 ሰሌዳ በየጎኑ 5 ሚሜ ትርፍ ማለት ነው። ይህ 5 ሚሜ ለምን እንዳስፈለገ ክዳኑ ጋ ስንደርስ ይታያል።

የግድግዳው ጣውላ ውፍረት 12 ሚሜ ነው። ስለዚህ የውጭ ልኩ 280 ሲደመር 24፣ 304 በ304 ይሆናል። ከ12 በታች ከወረዱ ክዳኑን ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው ማጠፊያ የሚይዝበት ሥጋ ያጣል፤ ወደ 18 ከወጡ ደግሞ ሳጥኑ ጥቅም በሌለው ክብደት ይጫናል። በ12 ሚሜ የተሠራው ባዶውን 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

አሁን የግድግዳው ጣውላ ስፋት፣ ማለትም የሳጥኑ ሙሉ ቁመት። ወለሉም የክዳኑ ፊትም 6 ሚሜ ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የሚሠራ እንጨት) ሆነው በግድግዳው ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ይገባሉ። ቦዩ ከጠርዙ 5 ሚሜ ገባ ይላል። ሳጥኑ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ዝግ ሆኖ ተጣብቆ ኋላ ክዳኑ በመጋዝ ስለሚለይ መጋዙ የሚበላው 3 ሚሜ መቆጠር አለበት። 5 + 6 + 122 + 3 + 6 + 5 = 147 ሚሜ። ያቺን 3 ሚሜ የረሳ ሰው ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ሰሌዳው ክዳኑን ወደ ላይ ሲገፋው ያገኘዋል።

እንጨቱ

የሚያስፈልገው 12 ሚሜ ውፍረት፣ ከ150 የማያንስ ስፋትና 1.4 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ጣውላ ነው። አራቱም ግድግዳዎች ከአንድ ጣውላ በተራ ከተቆረጡ የእንጨቱ ክር ማዕዘኑን እየዞረ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ለዓይን ከሁሉ በላይ የሚያምረው ይህ ነው። ከዚህም በላይ አራቱ ጎኖች አብረው ስለሚያብጡና ስለሚጠቡ መጋጠሚያው አይጨነቅም። የመጨረሻው ማዕዘን ክሩ አይገናኝም፤ እሱን ወደ ኋላ ያዙሩት።

በመጋዝ ቤት ደረቅ ነው የተባለ እንጨት ሳጥኑ በሚቀመጥበት ዓይነት ክፍል ውስጥ ከስር ከላይ አየር እንዲያገኝ ሆኖ አንድ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ቸኩሎ የተቆረጠ ጣውላ 45 ዲግሪው ትክክል ሆኖ ተቆርጦ እንኳ በሳምንቱ ይጣመማል። ሙጫ የበዛበትን ወይም ሽታው ኃይለኛ የሆነውን እንጨት ይተዉት፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሽታው ካርዱ ላይ ይቀራል።

ለወለሉና ለክዳኑ ፊት ኮምፔርሳቶ የመረጥነው በአየሩ እርጥበት ብዙም ስለማይሰፋና ስለማይጠብ ነው። 290 ሚሜ ስፋት ያለው ድፍን ጣውላ በእርጥብና በደረቅ ወራት መካከል ከክሩ በተቃራኒ አቅጣጫ 2 ወይም 3 ሚሜ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ዙሪያውን ተጣብቆ ከታሰረ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል ወይ ማዕዘኑን ከፍቶ ይወጣል። የክዳኑ ፊት ድፍን ጣውላ እንዲሆን አጥብቀው ከፈለጉ በክሩ ተቃራኒ በየጎኑ ወደ 2 ሚሜ ክፍተት በቦዩ ውስጥ ይተዉለትና ኮላ የሚነካው የሁለቱ ጫፎቹ መሐል ብቻ ይሁን።

የመቁረጫ ዝርዝሩ ይኸውልዎ፦

- ግድግዳ፦ 4 ጣውላ፣ 304 × 147 × 12
- ወለልና የክዳን ፊት፦ 2 ኮምፔርሳቶ፣ 289 × 289 × 6
- ዋና መከፋፈያና የጎን መደገፊያ፦ 3 ኮምፔርሳቶ፣ 280 × 72 × 6
- የምስሎች መከፋፈያ፦ 3 ባለ 280 × 40 × 4 እና 5 ባለ 168 × 40 × 4
- የትሪ ወለል፦ 2 ባለ 278 × 138 × 3
- የትሪ ግድግዳ፦ 6 ሚሜ ውፍረትና 29 ቁመት ያለው ዘንግ፣ ወደ 1.8 ሜትር

የወለሉ 289 የመጣው ከ280 ውስጥ ልክ፣ በየጎኑ ቦዩ ውስጥ ከሚገባው 5 ሚሜ እና ለመላወሻ ከተቀነሰው 1 ሚሜ ነው። የውስጥ መከፋፈያዎቹን አሁን አይቁረጡ። ሳጥኑ ከተጣበቀ በኋላ እውነተኛው የውስጥ ልክ 279.5 ወይም 280.5 ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል በዚያው ልክ ይቆረጣሉ።

45 ዲግሪ

ከጠቅላላው ሥራ ጥንቃቄ የሚበላው ይህ ነው። ስምንት ጫፎች በ45 ዲግሪ ይቆረጣሉ። እያንዳንዱ ቆረጣ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት አንዱ መጋጠሚያ በ1 ዲግሪ ይከፈታል፤ በ12 ሚሜ ጣውላ ላይ ይህ 0.3 ሚሜ የሚሆን ስንጥቅ ነው፣ ከሩቅ ይታያል። በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ አይመኑ። ሁለት ቁርጥራጭ እንጨት በ45 ቆርጠው ያጋጥሙና ስኳድራ (የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ) ውስጥ ያስገቡ። በስኳድራው ክንድና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ማሽኑን በጥቂቱ እያስተካከሉ ደግመው ይቁረጡ።

ሁለተኛው ነገር ርዝመት ነው። የፊትና የኋላ ግድግዳ እርስ በርስ፣ የግራና የቀኝም እርስ በርስ ፍጹም እኩል መሆን አለባቸው። እያንዳንዱን በእርሳስ እየለኩ ከመቁረጥ በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ማቆሚያ እንጨት በሞርሳ (ማጥበቂያ መሣሪያ) አስረው ሁሉንም በዚያ አስደግፈው ይቁረጡ። ልኩ 303.6 ቢሆንም ችግር የለውም፤ አንዱ 303.6 ሌላው 304.2 ከሆነ ግን የትኛውም ሞርሳ አያቀናውም። የሚለካው ከሹሉ ጫፍ እስከ ሹሉ ጫፍ፣ ማለትም በውጭ ፊቱ ነው።

ሲቆርጡ በውጭ ፊታቸው ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ ቁጥር ይጻፉ፤ የላይኛውን ጠርዝ በቀስት ያመልክቱ። ሹሉ ጫፍ በቀላሉ ስለሚሰበር እንጨቶቹን በዚያ ጫፋቸው አያቁሟቸው።

ቦዩ

ቦዩ 5 ሚሜ ጥልቀት አለው፣ 7 ሚሜ ሥጋ ይተርፋል። ስፋቱን ግን ከወረቀት አይውሰዱ። 6 ሚሜ ተብሎ የሚሸጥ ኮምፔርሳቶ ብዙ ጊዜ 5.5 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል። በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይለኩ፤ ራውተሩ (የቦይ መቆፈሪያ ማሽን) ወይም መጋዙ በቁርጥራጭ ላይ የቆረጠውን ቦይ በኮምፔርሳቶው ራሱ ይሞክሩት። በእጅ ሲገፋ የሚገባ፣ ሲለቀቅ የማይወድቅ መሆን አለበት። ሰፍቶ ከተቆረጠ ወለሉ ዕድሜ ልኩን ይንኳኳል።

አራቱም ግድግዳዎች በሁለቱም ጠርዞቻቸው፣ በውስጥ ፊታቸው በኩል ቦይ ይቆፈርባቸዋል። 45 ዲግሪ ላይ ስለሚያልቅ ቦዩ ከውጭ አይታይም።

ከማጣበቅዎ በፊት የግድግዳዎቹን የውስጥ ፊትና ሁለቱን ኮምፔርሳቶዎች በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጨርሱ። ኋላ ማዕዘኑ ውስጥ እጅ አይገባም።

ማጣበቅ

ነጭ ወይም ቢጫ የእንጨት ኮላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው ፋታ የሚሰጠው። ስለዚህ መጀመሪያ ያለ ኮላ ሁሉንም አጋጥመው፣ አስረው፣ ለክተው ይፍቱት። ሳይሞክሩ ኮላ መቀባት አደጋ ነው።

ሲደርስ እንዲህ ይሠራል። አራቱን ግድግዳዎች የውጭ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ በተራቸው ጫፍ ለጫፍ ይደርድሩ፤ የታችኛው ጠርዛቸው በአንድ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ይደገፍ። በእያንዳንዱ መገናኛ ላይ የወረቀት ፕላስተር ወጠር አድርገው በሦስት ቦታ ይለጥፉ፣ ከዚያም በመስመሩ ርዝመት አንድ ይድገሙ። ጠቅላላውን በጥንቃቄ ይገልብጡት። አሁን በየመገናኛው የተከፈተ ቪ ቅርጽ ይታያል። ኮላው የሚቀባው እዚያ ነው።

የእንጨት ጫፍ ኮላን ይመጥጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀብተው ካጋጠሙ ኮላው ወደ ውስጥ ተመጦ መጋጠሚያው ደረቅ ይቀራል፤ በወራት ውስጥ የሚከፈቱ ማዕዘኖች አብዛኛው ምክንያታቸው ይኸው ነው። መጀመሪያ ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ እንደገና ይቀቡ። በቦዩ ውስጥም ትንሽ ኮላ ያኑሩ፤ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ ማጣበቁ ጥሩ ነው፣ ሳጥኑን ያጠነክረዋል። ሁለቱን ኮምፔርሳቶዎች በአንዱ ግድግዳ ቦይ ውስጥ አቁመው ሌሎቹን ግድግዳዎች እያጠፉ ዙሪያውን ይዝጉ፤ የመጨረሻውን ማዕዘን በፕላስተር ይሰሩ።

ወዲያው ሰያፉን ይለኩ። 304 በ304 የሆነ ሳጥን ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን 430 ሚሜ መሆን አለበት። ከቁጥሩ ይልቅ የሁለቱ ሰያፍ እኩልነት ነው የሚፈለገው። አንዱ ከበለጠ በረጅሙ ሰያፍ በኩል ሞርሳ አስገብተው በቀስታ ያጥብቁ፣ እየለኩ። ከውጭ የፈሰሰውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ አያሹት፤ ወደ እንጨቱ ገብቶ ኋላ ቫርኒሽ የማይዝበት ነጭ ጥላ ይፈጥራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንደ ላስቲክ ሲሆን በመሮ ጫፍ ያንሱት። ሳጥኑ 24 ሰዓት ይረፍ።

ማዕዘኑን የሚያስሩ ቁርጥራጮች

በ45 ዲግሪ የተጣበቀ ጫፍ ብቻውን ደካማ ነው። በየማዕዘኑ አግድም ስንጥቅ ቆርጦ በሌላ ቀለም ያለው 3 ሚሜ ስስ እንጨት ማስገባት ጥንካሬም ውበትም ይሰጣል። ሳጥኑን በማዕዘኑ አቁሞ የሚይዝ፣ ከሁለት በ45 ዲግሪ ከተገጠሙ እንጨቶች የሚሠራ መያዣ ያስፈልጋል። የስንጥቁ ጥልቀት ከማዕዘኑ ሹል ሲለካ 10 ሚሜ ይሁን። በ12 ሚሜ ግድግዳ የውስጡ ማዕዘን 17 ሚሜ ላይ ስለሆነ ወደ ውስጥ አይበሳም።

ከዚህ በፊት ክዳኑ የሚቆረጥበትን መስመር በእርሳስ ያስምሩ፤ ከላይኛው ጠርዝ 41 ሚሜ ላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ ቁርጥራጭ እንዳይወድቅ። በክዳኑ በኩል ከላይ 20 ሚሜ ላይ አንድ፣ በሳጥኑ በኩል ከታች 20፣ 50 እና 80 ላይ ሦስት ይበቃሉ። የቁርጥራጩ ክር ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው የሚሻገር ይሁን። ክሩ ወደ ታች ከሆነ በጣት ይሰበራል፣ ምንም አያስርም። ኮላው ሲደርቅ ትርፉን በመጋዝ ቀንሰው ከማዕዘኑ ወደ መሐል ይላጉ፤ ወደ ማዕዘኑ ከተላገ ጫፉ ተሰንጥሮ ይነሳል።

ክዳኑን መለየት

የተዘጋ ሳጥን መቁረጥ ያስፈራል፤ ነገር ግን ክዳንና ሳጥን ለየብቻ ተሠርተው እንዲህ በትክክል አይገጥሙም። በጠረጴዛ ማሽን መጋዝ የሚሠራ ሰው የምላጩን ከፍታ 11 ሚሜ ያድርገው፤ 1 ሚሜ ሳይቆረጥ ይቀራል። የሳጥኑን ታች ከምላጩ ጎን ባለው ቀጥ ያለ መምሪያ ላይ አስደግፎ፣ ርቀቱን 103 አድርጎ አራቱንም ጎን ያዙራል። ያቺ የቀረችው 1 ሚሜ ክዳኑና ሳጥኑ ተለያይተው ምላጩን እንዳይነክሱት ትጠብቃለች። ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ግን በአራተኛው ጎን ላይ ክዳኑ ዝቅ ብሎ ምላጩን ይይዘዋል፤ እንጨቱ ይቃጠላል፣ ወይም ወደ ሰውዬው ይወረወራል። የቀረውን በስለታም ቢላዋ ወይም በስስ የእጅ መጋዝ ይጨርሱ።

ማሽን የሌለው በዙሪያው መስመር በቢላዋ አስምሮ በእጅ መጋዝ ከየማዕዘኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይቆርጣል። ከዚያ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ነገር ላይ ለጥፎ ሁለቱንም አፍ በላዩ እያሸ ያስተካክላል። ከመለየትዎ በፊት በኋላ ግድግዳው ላይ መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ የእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ሳጥኑ አራት ማዕዘን እኩል ስለሆነ ክዳኑ ዞሮ የተገጠመ እንደሆነ ክሩ ይበጣጠሳል።

አሁን ክዳኑ በውስጡ 30፣ ሳጥኑ 92 ሚሜ ጥልቀት አላቸው። ከ92 ላይ የታችኛው ንብርብር 72 ሲቀነስ 20 ስለሚቀር 32 ሚሜ የሆነው ትሪ ከሳጥኑ አፍ 12 ሚሜ ብቅ ይላል፣ በጣት ለማንሳት ይመቻል። በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ግን ቀጥ ብሎ አይነሳም። የፊተኛው ግድግዳው በቅስት ወደ ኋላ እየተጠጋ ነው የሚነሳው። ምን ያህል እንደሚጠጋ ማወቅ ቀላል ነው፦ ከአፉ በላይ ብቅ ያለውን ቁመት በራሱ አባዝተው፣ ከማጠፊያው እስከ ፊተኛው ግድግዳ ውስጠኛ ፊት ያለውን ርቀት እጥፍ አድርገው፣ ለሱ ያካፍሉ። ርቀቱ 292 ነው። ለትሪው 144 ለ584፣ ማለትም 0.25 ሚሜ። እስከ 30 ሚሜ ለሚደርሰው ሰሌዳ 900 ለ584፣ 1.5 ሚሜ። ትሪው በየጎኑ 1፣ ሰሌዳው 5 ሚሜ የተተወላቸው ለዚህ ነው። ዕቃውን ከግድግዳ ግድግዳ ሙጭጭ አድርጎ የሠራ ሰው ክዳኑ ሲከፈት ሰሌዳውን እየፋቀ ሲነሳ ያየዋል።

ማጠፊያና መዝጊያ

ክንፉ ከ10 ሚሜ ያልሰፋ፣ ርዝመቱ 40 የሚሆን ሁለት የነሐስ ማጠፊያ ይበቃል። ከየማዕዘኑ 50 ሚሜ ገባ ብለው በቢላዋ ዙሪያቸው ይሰመራል፤ በመሮ የሚቆፈረው ጥልቀት ልክ የክንፉ ውፍረት ነው። ጥልቀቱ ከበዛ ክዳኑ ከፊት አልዘጋም ይላል፣ ከኋላ ስለተናነቀ። ያኔ ከማጠፊያው ስር ወረቀት ማንጠፍ መፍትሔ ነው። ጥልቀቱ ካነሰ በኋላ በኩል ስንጥቅ ይቀራል።

የነሐስ ቪቴ ለስላሳ ነው፤ በግድ ከገባ አንገቱ ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ለ2 ሚሜ ቪቴ 1.5 ሚሜ ቀዳዳ በሰርሳሪ ይብሱ፣ መጀመሪያ ተመሳሳይ የብረት ቪቴ አስገብተው ያውጡ፣ ከዚያ ነሐሱን ሳሙና ወይም ሰም ቀብተው በእጅ ካቻቪቴ ያስገቡ። በመጀመሪያ ከየማጠፊያው አንድ አንድ ቪቴ ብቻ አስረው ክዳኑ መግጠሙን ይመልከቱ። ማጠፊያው የክዳኑን ክብደት ብቻውን እንዳይሸከም ከ100 ዲግሪ በላይ እንዳይከፈት የሚይዝ ስስ ሰንሰለት ወይም የቆዳ ጠፍር በአንድ ጎን ይታሰር።

ለመዝጊያ 6 ሚሜ ስፋት በ3 ሚሜ ውፍረት የሆነ ሁለት ጥንድ ማግኔት በፊት አፉ ላይ ይገባል። 8 ሚሜውን አይምረጡ፤ በ12 ሚሜ ግድግዳ ላይ የሚተርፈው ጠርዝ ስስ ነው፣ ይሰነጠቃል። ጥንዶቹን አጣብቀው ሳለ የሚገናኙበትን ፊት በቀለም ምልክት ያድርጉ። ተገልብጦ የተለጠፈ ማግኔት ክዳኑን ይገፋዋል፣ የሚለጠፍበት ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ ከደረቀ ደግሞ አይነቀልም። ሕፃናት ባሉበት ቤት አጣባቂው በደንብ መያዙን ፈትሸው ይተዉ፤ ከአንድ በላይ ማግኔት የዋጠ ልጅ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

የታችኛው ንብርብር

ሦስቱ ባለ 72 ሚሜ እንጨቶች ከፊት ወደ ኋላ ይቆማሉ። አንዱ በግራ ግድግዳ ላይ፣ አንዱ በቀኝ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሦስተኛው ከግራው 94 ሚሜ ርቆ ይቆማል። ትሪዎቹ የሚያርፉት በእነዚህ ሦስት ላይ ነው። 94ቱ የካርዱ መስመር ነው፣ 91 ከነ3 መላወሻው። ርዝመቱን ከፊት 150 ላይ በአንድ ቁራጭ ይክፈሉት፤ 150ው ለካርዱ፣ የቀረው ለዳይስና ለትንንሽ ካርዶች ይሆናል። በካርዱ ክፍል ውስጥ ትርፍ የሆነው ቦታ ላይ ካርዶቹ ተዘርረው እንዳይተኙ የሚገፋ ነጻ እንጨት ያኑሩ።

በቀኝ በኩል 168 በ280 ይቀራል። በ4 ሚሜ መከፋፈያ አራት በስድስት ሲከፈል እያንዳንዱ ጉድጓድ 39 በ43 ሚሜ ገደማ ሆኖ 24 ምስል ይይዛል። መከፋፈያዎቹ እርስ በርስ በግማሽ ቁመታቸው ይነካከሳሉ፤ ረጅሞቹ ከላይ፣ አጫጭሮቹ ከታች 20 ሚሜ ተኩል ይሰነጠቃሉ። ረጅሞቹን ለብቻ፣ አጫጭሮቹን ለብቻ በፕላስተር ጠፍረው በአንድ ጊዜ ይሰንጥቋቸው፣ ያለዚያ መስመሩ ይዛነፋል። የመከፋፈያው ቁመት 40 ብቻ የሆነው ምስሉ አናቱ ብቅ ብሎ በጣት እንዲያዝ ነው። ይህን መረብ አያጣብቁት። ወለሉን ለማጽዳት ወይም ኋላ አከፋፈሉን ለመቀየር ተነስቶ የሚወጣ ይሁን።

ትሪዎቹ

ሁለቱ ትሪዎች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሲጫወቱ በጠረጴዛው ሁለት ወገን ይሰጣሉ። የትሪው ግድግዳ በ3 ሚሜ ወለሉ ላይ ዙሪያውን ይለጠፋል፣ 29 ከ3 ጋር 32። በ3 ሚሜ እንጨት እንደ ቶከኑ ብዛት ይከፋፈላል፤ ብዙ የሚወሰድ ቶከን ሰፊውን ክፍል ያገኛል።

የካርቶን ቶከን 2 ሚሜ ያህል ውፍረት አለው፣ ከጠፍጣፋ ወለልና ከቀጥተኛ ግድግዳ ላይ ለማንሳት ጥፍር ይፈልጋል። ለዚህ ከየክፍሉ ፊት 1 ሚሜ ስስ ካርቶን ወይም ቆዳ ከወለሉ ወደ ግድግዳው በጎባጣ አጥፈው ይለጥፉ። ቶከኑ በጣት ሲሳብ በጎባጣው ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። ትንሽ ሥራ ነው፤ በጨዋታ ጊዜ ከሁሉም በላይ የሚያስመሰግነው ግን እሱ ነው።

ማጠናቀቂያ

ውጩን 120፣ 180፣ 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በየተራ በክሩ አቅጣጫ ብቻ ያሹት። አቧራውን ጠርገው ቫርኒሽ በሦስት ስስ ዙር ይቀቡ፤ በዙሮቹ መካከል 320 ቁጥር ለስለስ አድርገው ያሳልፉ። አንድ ወፍራም ዙር ይንጠባጠባል፣ ውስጡም ሳይደርቅ ይቆያል። የተልባ ዘይት ለውጩ ያምራል፤ ነገር ግን ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጨብጠው የትም አይጣሉት። ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ስለሚፈጥር ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ውስጡን ዘይት አይቀቡ፤ አየር በሌለበት ሳጥን ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ይሸታል። ሼላክ የሚባል በአልኮል የሚሟሟ ቅብ አንድ ሁለት ዙር፣ ወይም ምንም አለመቀባት የተሻለ ነው። ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ፌልት (ተጠቅጥቆ የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ወይም ከፋይ በቀጥታ ከመለጠፍ በስስ ካርቶን ላይ ለጥፎ ካርቶኑን ማስገባት ይሻላል። ኮላው ጨርቁን አልፎ አይታይም፣ ሲያረጅም ይቀየራል። በክዳኑ ውስጥ 2 ሚሜ ፌልት ከተለጠፈ ከሰሌዳው በላይ የቀረው 3 ሚሜ ወደ 1 ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሳጥኑ በጎኑ ቢቆም እንኳ ትሪዎቹ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም።

ቫርኒሹ በአንድ ቀን ለእጅ ይደርቃል፣ ጠንክሮ የሚያበቃው ግን ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ክዳኑን ከፍተው ይተዉት። አፍንጫዎን ወደ ሳጥኑ አስገብተው ሽታ ካገኙ ካርዶቹ የሚገቡበት ጊዜ አልደረሰም፤ የፕላስቲክ ሽፋን ገና ባልጠነከረ ቫርኒሽ ላይ ይጣበቃል።